የቅምሻ ማንኪያ

እስቲ ወንበሩን ሳብ አድርጋችሁ ወደዚህ ቀረብ በሉ። በር ላይ የቆማችሁትም ግቡና ተቀመጡ፤ ቆሞ የሚሰማ ነገር አይደለም። ረጅምም አይደለም፤ የአንድ ሰኞ ነገር ነው። ሌባ የለበትም፤ ሌባ የተባለች ሴት ግን አለችበት። ሰረቀች የተባለችው ወርቅ እንዳይመስላችሁ። ጨው ነው።

እኔ የሰማሁት በግድግዳ በኩል ነው። የምንኖርበት ፎቅ ግድግዳው ስስ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የሚለው ከሦስት ቤት ነው። ጠዋት፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ የጎረቤቴ ልጅ በስልክ ታወራለች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሰኞ ሱቋ ዝግ ስለሆነ ዘመድ የምትጠይቀው በዚያ ቀን ነው። ወንድሟን ነበር የደወለችለት። "እማዬ ጨው ትሰርቃለች" አለችው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው። "የብፌው ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፤ ስተኛም አላወልቀው። የምትበላውን የማበስለው እኔ ነኝ፤ አንዲት ቅንጣት ጨው የለበትም። እኔም አብሬያት አራት ወር ሙሉ ሣር የመሰለ ነገር ስበላ ከረምኩ። ደም ብዛቷ ግን ወይ ፍንክች። ታዲያ ከየት ይመጣል? ሰርቃ ትበላለች እንጂ። አንተ ሩቅ ስለሆንክ አታውቅም፤ ሰው ሲያረጅ ልጅ ይሆናል።" ወንድምየው ምን እንደመለሰላት አልሰማሁም። እሷ ግን "እሺ፣ ክፉዋ እኔ ልሁን" ብላ ዘጋችው።

እናትየዋ በዚያች ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስር ነበር። አንዱን አስራ ሁለተኛው ሲቀራት ነው የሰማችው። ምን አደረግሽ ብዬ ኋላ ብጠይቃት "ሁለተኛውን አሰርኩ" አለችኝ። ገብታ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በሩን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ ይዛ ዘግታ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ፣ ከውሃ ብርጭቆው አጠገብ፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ የምትውጠው ክኒን ቀረ።

ሴትዮዋ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች የሚመገቡበት ቤት ዋና ምግብ አብሳይ ናት። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሠላሳውን ያሳለፈችው እዚያው ምድጃ ፊት ነው። ሠራተኞቹ ስሟን ትተው "ቀማሿ" ይሏታል። በምስጋና የወጣ ስም ነው፤ የሷ ምላስ ሳያሳልፈው ከዚያ ቤት የሚወጣ ድስት የለም። የቅምሻ ማንኪያዋ የብቻዋ ነው፣ ማንም አይነካውም፤ እጀታው ረጅም፣ ጎድጓዳው ሰፋ ያለ፣ ድሮ የነበረችው ዋና አብሳይ ስትወጣ የተወችላት ነው። ከሽርጧ ኪስ ብቅ ብሎ ሲታይ ሐኪም አንገቱ ላይ እንደሚያንጠለጥለው መሣሪያ ያስከብራታል። አሁንም ያስከብራት ነበር፤ ግን ከአራት ወር ወዲህ፣ ማለት ደም ብዛት አለብሽ ከተባለችና ቤት ውስጥ ጨው ከተቆለፈ ወዲህ፣ የምግብ ቤቱ አስተያየት መጻፊያ ደብተር ላይ እንግዳ ነገር ይጻፍ ጀመር። "ሾርባው ምን ሆነ?" "ጎመኑ ታሟል ወይ?" አንዱማ "ጨው ተቆጥሮ ነው የሚሰጣችሁ?" ብሎ ጽፏል።

የሆነው ነገር ቀላል ነው፤ እሷ ግን አላወቀችውም። ጨው የሌለው ሲበላ የከረመ ምላስ ይነቃል። ትንሿ ጨው ትበዛበታለች። ቀማሿ ድስቱን ቀምሳ "በቃው" ስትል ለሌላው ሰው ገና አልጫ ነው። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ሲነበብላት ምላሷን መጠራጠር ጀመረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዴ ቀምሳ የምታልፈውን ድስት ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ስድስቴ ትመለስበት ጀመር። ጨው ትጨምራለች፣ ትቀምሳለች፤ በዛ ይሆን ትላለች፣ ትቀምሳለች፤ ሲፈላ ተለውጦ ይሆን ትላለች፣ አሁንም ትቀምሳለች።

በዚያ ሰኞም እንዲሁ ነበር። ኩሽናው ጠዋት ጠዋት በእንፋሎት ተሞልቶ ሰው ከወገቡ በላይ አይታይም፤ መስኮቱ ከላይ ሆኖ ትንሽ ነው፣ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ የሚቆሙት በጣውላ ላይ ነው። ለምሳ አራት ድስት ተጣደ፤ የምስር ሾርባ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ባቄላ። ድስት አጣቢዋ፣ ሃምሳን ገና የተሻገረች ሳቂታ ሴት፣ ክርኗ ድረስ አረፋ ውስጥ ገብታ ስለ ሽንኩርት መወደድ ታወራለች። "ባሌን ሽንኩርት ግዛ ብለው ሁለት ራስ ይዞ መጣ። ይሄ ምንድን ነው ስለው፣ አንዱ ለወጡ አንዱ ለእንባው አለኝ።" ቀማሿ ሌላ ጊዜ ትስቅ ነበር። "ምነው እትዬ፣ ዛሬ አፍሽን ቆለፉብሽ?" አለቻት አጣቢዋ። ነገሩን ሳታውቅ ነው። ቀማሿ ማንኪያዋን ምስሩ ውስጥ ነክራ አወጣች፣ እፍ አለችበት፣ ዋጠች፣ ዓይኗን ጨፍና አሰበች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የምግብ ቤቱ ኃላፊ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ የተጫነበትን ወደታች የሚያወርድ ሰው ነው። ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዟል። "እትዬ፣ አከብርሻለሁ" ብሎ ሲጀምር አጣቢዋ የውሃውን ቧንቧ ዘጋች፤ አከብርሻለሁ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚከተለው ታውቃለች። "ከላይ ጠይቀውኛል። እጇ ጠፍቷል ወይ ነው ያሉኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሌላ አብሳይ ያመጣሉ፣ አንቺን አትክልት መቁረጥ ላይ ያደርጉሻል። የድሮ ሰው 'ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ' ያለውን ታውቂው የለ?" ቀማሿ "አውቃለሁ" አለችው። ሲወጣ ወደ ድስቶቹ ተመለሰችና አራቱንም እንደገና ቀመሰቻቸው።

ምሳ አልበላችም። ከልጇ የተሰጣትን፣ በክዳን የተከደነ ጨው አልባ ሩዝ ከፈት አድርጋ አየችውና መልሳ ከደነችው። ቦርሳዋን ስትፈትሽ ክኒኑም የለም። ሰባት ሰዓት ላይ የወር ቀጠሮዋ ስለነበር ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄደች። ነርሷ ወጣት ናት፤ ዘመኗን ሙሉ አልተኛሁም የሚል ዓይን አላት፣ እጇ ግን ለስላሳ ነው። የቀማሿ ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠመጠመች፣ ነፋችው፣ አዳመጠች፣ እንደገና ነፋችው። ላይኛው መቶ ሰባ ሁለት፣ ታችኛው መቶ አንድ።

"እማማ፣ ጨው አቁሜያለሁ ብለውኝ ነበር።"

"አቁሜያለሁ።"

"ቁጥሩ እንደዚያ አይልም።"

ቀማሿ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለተኛዋ ሰው ሌባ እንዳለቻት ገባት። "ልጄ፣ ቤቴ ውስጥ ያለው ጨው ተቆልፎበታል። ጠዋት ደረቅ ዳቦ፣ ማታ ጨው ያልነካው አትክልት ነው የምበላው። ዋሽቼ ከሆነ ይሄ ምላሴ ይድረቅ" አለች። ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠችና የወር አበባዋ ከቆመ ስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቀቻት። ስድስት ዓመት። "እሱ ነው ዋናው። ያ ከቆመ በኋላ የብዙ ሴት ሰውነት ጨውን እንደ ድሮው አያሳልፈውም፤ ይይዘዋል። ጨው ውሃ ይስባል፣ የደም ሥሩም ይደነድናል። ሠላሳ ዓመት ያልነካዎት ነገር አሁን ሊጥልዎት ይችላል። ራስ ምታቱ፣ ላቡ፣ ዕድሜ ነው እያሉ የሚያልፉት ሁሉ ዕድሜ ብቻ አይደለም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በሚቀጥለው ወር እንዲህ ከሆነ ወደ ሐኪም እንደምትልካት፣ ለአስተዳደሩም ምድጃ ፊት መቆም እንደማትችል እንደምትጽፍ ነገረቻት። ቀማሿ አመስግና ወጣች። በአንድ በኩል ጨው ጨምሪ፣ በሌላ በኩል ጨው ተዪ፤ ከሁለቱም በኩል የሚወሰድባት ያው ምድጃው ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ልጅቷ ክኒኑን ያየችው ጠረጴዛ ስትጠርግ ነው። መጀመሪያ እልህ መስሏት ተናደደች። ቆይታ ግን ጠዋት ጮክ ብላ ማውራቷ ትዝ አላት፤ በሩ ሲዘጋ አለመስማቷም ትዝ አላት። እናቷ በር ሳታንጓጓ ወጥታ አታውቅም። ክኒኑን በመሀረብ ጠቅልላ በሁለት አውቶብስ መጣች። ስምንት ሰዓት ላይ ኩሽናው በር ላይ ቆማ "እማዬ" አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷን እዚያ በር ድረስ መጥታ ወስዳለች እንጂ ወደ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር።

እናትየዋ ክኒኑን ተቀብላ በውሃ ዋጠች። "ምሳ በላሽ?" "በላሁ።" "አንቺስ?" "በላሁ።" ሁለቱም ውሸት ነበር። አጣቢዋ የሽንኩርት ማዳበሪያው ላይ ጨርቅ አንጥፋ "ነይ የኔ እህት፣ እዚህ ተቀመጪ፤ ፀጉሬን በዓይንሽ ብቻ ተኩሽልኝ" አለቻት። ልጅቷ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ለከሰዓት ፈረቃ የሚደርሱት ሦስት ድስቶች ነበሩ፤ ሾርባ፣ ባቄላ፣ ለመኮሮኒ የሚሆን የቲማቲም ስጎ። እናትየዋ ከሾርባው ጀመረች። ነከረች፣ እፍ አለች፣ ዋጠች። ጨው በእፍኟ በተነች፣ አማሰለች። ነከረች፣ ዋጠች። ወደ ባቄላው ዞር አለች፣ ተመለሰች፣ ከሾርባው ዋጠች።

ልጅቷ መጀመሪያ እንደማንኛውም እንግዳ ታይ ነበር። ከዚያ የእናቷን ማንኪያ ብቻ ማየት ጀመረች። ቀስ ብላ ተነሳች፤ መደርደሪያው ላይ ከተደፉት የሻይ ብርጭቆዎች አንዱን አነሳች፤ ከአጣቢዋ መደርደሪያ የእናቷን የሚያህል ማንኪያ መረጠችና እናቷ አጠገብ ቆመች። እናቷ ከሾርባው ስትቀምስ እሷም ከሾርባው ያንኑ ያህል ቀድታ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። ከባቄላው ስትቀምስ ከባቄላው መረቅ። አጣቢዋ እጇን አረፋው ውስጥ እንዳደረገች ቀረች።

"ምን ታደርጊያለሽ?" አለች እናትየዋ አምስተኛው ላይ።

"ምንም። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"

ሠራች። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ሰው ሲያየው አይቆምም። ሁለቱ ድስቶች ሲደርሱ ብርጭቆው አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እናቷ ዘረጋችው።

"እማዬ፣ ይሄን ጠጪልኝ።"

"አብደሻል? ብርጭቆ ሙሉ ጨው? ነርሷ ሰምታ ትገድለኛለች።"

"ጠጥተሽዋል" አለች ልጅቷ። "አሁን፣ እዚህ፣ እኔ እያየሁሽ።"

"ቀመስኩ እንጂ መቼ ጠጣሁ?"

እዚህ ላይ በምግብ ቤት ሠርታችሁ የማታውቁ ትስቁ ይሆናል። የሠራ ሰው ግን አይስቅም። ምግብ አብሳይ የቀመሰውን በላሁ አይልም፤ ሙሉ ቀን ሲቀምስ ውሎ ማታ "ዛሬ እህል በአፌ አልዞረም" ብሎ ይምላል፣ መሐላውም ከልቡ ነው። መብላት ማለት መቀመጥ ነው፣ ሳህን ነው፣ እጅ መታጠብ ነው። ቅምሻ ሥራ ነው። ልብስ ሰፊ የነካውን ጨርቅ ሁሉ ለበስኩ ይላል እንዴ? ቀማሿም ነርሷ ምን ይበላሉ ስትላት ያንን ማንኪያ ያላነሳችው ልትደብቅ ብላ አልነበረም፤ ሐሳቧ ውስጥም አልገባም።

"ይሄ የሁለት ድስት ነው" አለች ልጅቷ። "በቀን ስንት ድስት ነው?"

የመለሰችው አጣቢዋ ናት። "ሰባት" አለች፣ ቀስ ብላ። "እኔ ነኝ የማጥባቸው።"

ቀማሿ የሽንኩርቱ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጠች። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዘይቱ ከላይ ቀለበት ሠርቶ ተንሳፍፏል። ልጅቷ "እማዬ፣ ጠዋት…" ብላ ጀመረች። እናቷ "ስጎው ያራል" አለቻት፤ ልጅቷም ሄዳ አማሰለች። ይቅርታው በዚያው አለቀ፤ አንዳንድ ቤተሰብ ይቅር የሚባባለው በድስት ማማሰል ነው።

የቀረው ስጎው ነበር፤ ሠራተኛው ሊገባ ደግሞ አንድ ሰዓት አልቀረውም። ሳይቀመስ ሊወጣ አይችልም፤ ኃላፊው የተናገረውን አጣቢዋም ሰምታለች። ቀማሿ ከተቀመጠችበት ተነሳች፣ ማንኪያዋን ስጎው ውስጥ ነከረች፣ ወደ አፏ አስጠግታ ቆመች። ከዚያ ለአጣቢዋ ዘረጋችላት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ማንኪያ ሌላ ሰው አልያዘውም ነበር። አጣቢዋ እጇን በሽርጧ አድርቃ፣ የቤተ መንግሥት ዕቃ እንደተሰጣት ተቀበለችው።

"ቆይ" አለች ቀማሿ። "ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ምነው፣ ልትድሪኝ ነው?"

"ያንቺስ ቆሟል ወይ?"

አጣቢዋ ሳቋን ዋጠች። "ዘንድሮ ሦስት ወር ጠፍቶ መጣ። እንደገና ጠፍቷል። ራሴንም ያመኛል፤ ከእንፋሎቱ ነው እያልኩ…"

ቀማሿ ማንኪያውን ከእጇ መልሳ ወሰደችባት። ቀስ ብላ፣ ስለት ከሕፃን እጅ እንደሚወሰድ። "ነገ ነርሷ ጋ አብረን እንሄዳለን" አለቻት። ወደ ጓሮው በር ወጣችና ዳቦ የሚያወርደውን ሰውዬ ጠራችው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ንጹሕ ማንኪያ ሰጠችውና "አንዴ ብቻ ቅመስ፣ ምንም አትናገር" አለችው። ቀመሰ። እሷ ፊቱን አየችው፤ ድስት እንደምታየው አድርጋ አየችው።

"ትንሽ ይቀረዋል" አለች።

"ምንም አላልኩም እኮ፣ እትዬ።"

"ቅንድብህ ብሎኛል።"

ግማሽ እፍኝ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ጥቂት ጠበቀች፤ አሁን የዳቦ መኪናውን ሹፌር ጠራችው። የሹፌሩ ቅንድብ ባለበት ቀረ፤ ከንፈሩን ግን ላሰ። "በቃው" አለች ቀማሿ፣ ሳትቀምስ። በሕይወቷ ሳትቀምስ ያወጣችው የመጀመሪያ ድስት ነው። ማንኪያዋን ወደ ኪሷ እንደመለሰች አጣቢዋ ነግራኛለች።

ፈረቃው ገባ፣ ወንበር ተንጫጫ። እናትና ልጅ በምግብ ማሳለፊያዋ መስኮት ቆመው ያያሉ። ኃላፊው ሳህኑን ይዞ ጥግ ተቀመጠ። አንዴ ጎረሰ፣ ወደ መስኮቱ አየት አደረገ፣ እስከ መጨረሻው በላ፤ የተረፈውን ስጎ በዳቦ ጠራርጎ ሳህኑን መለሰ። ደብተሩ ላይ በዚያ ቀን የጻፈ ሰው የለም። አጣቢዋ ሳህኖቹን ተቀብላ "ዛሬማ ሥራ አቀለሉልኝ፣ ልሰውታል" አለች።

ማታ ተያይዘው ወደ ቤት ተመለሱ። ደረጃውን ሲወጡ ሰምቻቸዋለሁ፤ የልጅቷ እርምጃ የእናቷን እየጠበቀ ነበር። ቤት ገብተው ትንሽ ቆይቶ አንድ ቀላል ነገር ጠረጴዛ ላይ ቃጭ ሲል ሰማሁ፤ የብፌው ቁልፍ እንደሆነ ያወቅሁት በነጋታው ነው። "ያዢው" አለች ልጅቷ። "አንቺው ያዢው፤ ከዚህ ቤት ምን ላወጣ?" አለች እናትየዋ። ከዚያ ልጅቷ ስልክ ደወለች። ጠዋት በተናገረችበት ድምፅ ልክ፣ እንዲያውም ከዚያ ከፍ አድርጋ፣ "እማዬ ሰርቃ አታውቅም" አለች። ወንድምየው ምን እንደመለሰ አሁንም አልሰማሁም። "አዎ፣ አጠገቤ ናት። እየሰማችኝ ነው" አለች።

ግፊቷስ ወረደ ወይ ትሉኝ ይሆናል። በአንድ ጀምበር አልወረደም፤ በወሩ ትንሽ፣ በቀጣዩ ወር ሌላ ትንሽ ወርዷል፤ ክኒኑንም አልተወችም። ነርሷ የማንኪያውን ነገር ስትሰማ "እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?" ብላ ብዕሯን እንደያዘች ቀረች አሉ። "ምን በሉ አልሽኝ እንጂ ምን ቀመሱ መቼ አልሽኝ?" ነው መልሷ። ዛሬ በዚያ ኩሽና ለአንድ ድስት አንድ ሰው ይጠራል፤ ሠራተኞቹ ግን ስሟን አልቀየሩትም፣ አሁንም ቀማሿ ናት። ማንኪያዋም ከሽርጧ ኪስ ብቅ እንዳለ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ምድጃ ፊት የቆመች እናት ወይም አክስት ካለቻችሁ፣ ዛሬ ምን በላሽ ብላችሁ አትለፏት። ምን ስትቀምሺ ዋልሽ በሏት። ይህቺን ብቻ አትርሱብኝ።